እጣቢ ቀማሹ ጋሽ ላቀው

ጋሽ ላቀው ሞያሌ ላይ ማረፉን የነገረችኝ አስቴር ናት፤ በስልክ። ዘጠና ሊሞላው ጥቂት ለቀረው ሰው እንደሚደረገው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ጠዋት ተክሎቹን አጠጥቶ ደክሞኛል ብሎ ጋደም አለ አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልተነሣም" አለች። እኔም "ነፍሱን ይማር" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

አንባቢ "አረፉ" በማለት ፈንታ "አረፈ" ማለቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥርብኝ እለምናለሁ። ጋሽ ላቀው የድሬዳዋ ሰው ነበር። ትልቁንም ትንሹንም "አንተ" እና "አንቺ" ይላል፤ እርሱን "እርስዎ" ያለው ሰው ካለ ደግሞ ዞር ብሎ ከኋላው ይመለከታል። "አቦ፣ ማንን ነው የምታናግረው? እዚህ ያለነው እኔና አንተ ብቻ ነን" ይል ነበር። ከሞተም በኋላ በማይወደው አጠራር ልጠራው አልፈልግም።

ለቅሶው የተቀመጠው እዚህ ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ሰፈር በሚገኘው በአስቴር ቤት ነበር። ከካሳራኒ ሁለት ማታቱ፣ ማለትም ታክሲ ሚኒባስ፣ ቀይሬ ስደርስ ሳሎኑ ሞልቷል። አብዛኞቹ ከእርሱ ጋር ያልኖሩ፣ ስሙን ብቻ የሚያውቁ ወጣቶች ናቸው። በአንድ ግቢ ከእርሱ ጋር ከኖርነው የቀረነው ሦስት ነን፤ አስቴር፣ እኔ፣ እና ከኢስሊ ሰፈር በልጅ ልጇ ተደግፋ የመጣችው እትዬ ፋጡማ። ስለ ሟቹ ደግነት ብዙ ከተወራ በኋላ እትዬ ፋጡማ ከዘራዋን መሬቱ ላይ አስደግፋ እንዲህ አለች።

"ላቀው ደግ ሰው ነበር። እኔ ግን በሞተ ሰው ላይ አልዋሽም። አንድ ጊዜ ቃሉን አጥፎብናል፤ ያጠፋውንም ሰው ሸሽጎብናል። አላህ ይማረው።"

አስቴር ወደ እኔ ዞራ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ አብረውት ነበሩ፤ ሁለት ቃል ይበሉ እንጂ" አለችኝ። ሰው ሁሉ አየኝ። "ነፍሱን ይማር" አልኩና የቀረበልኝን በልቼ ወጣሁ።

ያ ቃል የታጠፈው በጋሽ ላቀው እጅ አልነበረም። በእኔ እጅ ነበር። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አሁን አንድ ቀርቷል።

ናይሮቢ የገባሁት ደርግ ሥልጣን ላይ በጸናበት ዘመን ነው። በአንድ የእርሻ ኮሌጅ የአፈር ትምህርት አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ ሲታሰሩ፣ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሳይመለሱ ሲቀሩ፣ ስሜ በዝርዝር ላይ እንዳለ የነገረኝን ሰው አምኜ ወጣሁ። ኢስሊ ስደርስ ግን "የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ" አልኩ። በዚያን ጊዜ ሁለት ሐበሾች ሲነጋገሩ አጠገባቸው የተቀመጠው ሦስተኛው የሰማውን ለማን እንደሚያደርስ አይታወቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ስሜ "ጸሐፊው" ሆነ። እኔም ወደድኩት፤ ለመደበቅ የሚመች ስም ነው።

ግቢው ስድስት ክፍሎች በአንድ አደባባይ ዙሪያ የተደረደሩበት ነበር። ከባለቤቱ ጠቅልሎ የተከራየውና ለሌሎቻችን ያከራየን ሐጂ ዑመር ነው፤ የእትዬ ፋጡማ ባል፣ በኢስሊና በሞያሌ መካከል ጨርቅ የሚነግድ፣ ቁጥብ ሰው። በግቢው መካከል አንድ ቧንቧ አለ፤ ውሃ የሚያመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ከክፍሎቹ በስተጀርባ ደግሞ ጥቁር ኮትቻ አፈር ያለበት ባዶ ቦታ ነበር፤ በበጋ እጅ እስኪገባ ድረስ ይሰነጠቃል፣ በዝናብ ጫማ አውልቆ ይወስዳል። ከቦታው ጥግ በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ክፍል ቆማለች። ጋሽ ላቀው የሚኖረው እዚያ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ያየሁትን አልረሳውም። ጠና ያለ፣ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው አስቴር በር ላይ ቆሞ ትንሿን ጣቱን ድስት ውስጥ ነክሮ ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ዞር ብሎ ተፋው።

"ጨው አለው።"

"ኧረ የለውም ጋሽ ላቀው! ድንች ብቻ ነው የቀቀልኩበት" አለች አስቴር። ያኔ ሁለት ሕፃናት የያዘች፣ ሥራ ስትሠራ መዝሙር ከአፏ የማይጠፋ ወጣት ሴት ነበረች።

"ምላሴ ነው ታዲያ የሚዋሸው?"

"ምናልባት... ለልጆቹ ትንሽ ጣል አድርጌ ይሆናል።"

"ለልጆቹ ጨምሪላቸው፤ ግን ካወጣሽላቸው በኋላ። ይህን ቱቦ ውስጥ ድፊው። ነገ ሳትጨምሪበት ቀቅለሽ፣ አቀዝቅዘሽ ትጠሪኛለሽ።"

"እሺ የኔ ጌታ! የእጣቢ ሐኪም!"

"ሐኪም አትበይኝ፤ ሐኪም በሽተኛ ይፈልጋል" ብሎ ባልዲውን አንሥቶ ወደሚቀጥለው በር ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ግቢ ለአትክልት የሚበቃ ንጹሕ ውሃ አልነበረም። ጋሽ ላቀው በየበሩ እየዞረ የሚሰበስበው ሴቶቹ ሊደፉት ያዘጋጁትን ነው፤ ሩዝና ምስር የታጠበበት፣ ባቄላና ሽምብራ የተዘፈዘፈበት፣ ድንችና እንቁላል የተቀቀለበት፣ የወተት ዕቃ የታጠበበት፣ በሊጥ ላይ የሚቀረው ጎምዛዛ ውሃ፣ የሻይ ቅጠል የተጨመቀበት። ጨው የነካውን፣ ዘይት የተንሳፈፈበትንና ሳሙና ያለበትን አይቀበልም። ከሁሉ በላይ ግን ምን እንደሆነ ያልተነገረውን ውሃ አይቀበልም። "ይህ ምን ነበር?" ብሎ ይጠይቃል። "እንጃ፣ ከትናንት የተረፈ ነው" ከተባለ ባልዲውን ይሸፍናል። "ስሙን የማላውቀውን ውሃ ለተክል አልሰጥም፤ ተክል ተፍቶ አይመልስም።"

ወንድ ልጅ በየጓዳው እጣቢ ሲለምን ማየት በዚያ ግቢ ያልተለመደ ነበርና ቀልዱ አያልቅም ነበር። በተለይ እትዬ ፋጡማ አትምረውም።

"ላቀው፣ ዛሬ ምሳህን እኔ ጋ ልትጠጣ መጣህ?"

"ምን ሠርተሻል?"

"የአብሽ ውሃ አለ፤ ሦስተኛው መዘፍዘፊያው ነው።"

"አንደኛውንና ሁለተኛውንስ?"

"ለቱቦው ሰጠሁት። መራራ ነው ብዬ።"

"ቱቦው ጎመን አብቅሎ አበላሽ?"

እትዬ ፋጡማ በሳቅ ትፈርሳለች። በሚቀጥለው ሳምንት ግን የአብሹን ውሃ ከመጀመሪያው ጀምራ ታስቀምጥለታለች። እርሱም አዝመራው ሲደርስ የመጀመሪያውን እስር ለእርሷ ያመጣል።

በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ሱኩማ የሚሉት የኬንያ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ እንዲሁም ከሞያሌ በመጣ ዘር ያደገ የሐበሻ ጎመን በቀለ። ጎረቤቶቻችን ኬንያውያን ሻምባውን፣ ማለትም የአትክልት ቦታውን፣ ለማየት ይመጡ ነበር። ስድስቱ ቤቶች ገበያ ሄደው አትክልት መግዛት አቆሙ። የስደተኛ ወረቀቱ እስኪወጣለት ሥራ መያዝ ለማይችል ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

የጋሽ ላቀው ዋና ጥበብ ግን ተክል ማብቀል አልነበረም። የሥጋ እጣቢ የሚባል ነገር አለ። ሥጋ የታጠበበት ቀይ ውሃ፣ በውሃ ቀጥኖ በመደቦች መካከል በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ሲፈስና አፈር ሲለብስ፣ ለተክል ኃይለኛ ምግብ ነው። እኔ በመጽሐፍ የማውቀውን እርሱ በባቡር ምግብ ቤት ዕቃ ሲያጥብ በኖረበት ዘመን፣ ጣቢያ ላይ ከቆመ ፉርጎ የሚደፋው እጣቢ ያበቀለውን ሣር አይቶ ደርሶበታል። ነገር ግን በዚያ ግቢ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥጋ ይበላል፤ እስላሙ ያረደውን ክርስቲያኑ አይበላም፣ ክርስቲያኑ ያረደውን እስላሙ አይበላም። ጎመኑ ግን የጋራ ነው።

ይህን ጥያቄ ማንም ሳያነሣው ራሱ ወደ ሐጂ ዑመር ይዞ የሄደው ጋሽ ላቀው ነው። ሐጂ ዑመር ጥቂት አስቦ እንዲህ አለው ይባላል።

"መሬቱን ሥራበት። ክፍሉንም ያለ ኪራይ ተቀመጥበት። ከአትክልቱም እንብላ። ግን የእናንተ ሥጋ እጣቢ የእኔ ቤት በሚበላበት መደብ ላይ እንዳይደርስ። ሌላ ነገር አልጠይቅህም። ቃልህን ስጠኝ።"

"ሰጠሁህ። ያንተም ወደ እነ አስቴር መደብ አይሄድም።"

ሐጂ ዑመር ሳቀ አሉ። "ልክ ነው፤ ፍርድ ነው።"

አስቴር ይህን ስትሰማ፣ "እኔ እኮ ጴንጤ ነኝ ጋሽ ላቀው፤ ጌታ ሁሉን ቀድሶልኛል፤ ለእኔ ብለህ አትድከም" አለችው።

"አንቺ ግድ ባይኖርሽ እኔ አለኝ። ባቡር ላይ ሁለት ቢላዋ ነበረን። አንድ ቀን እንኳ አልተደባለቁም፤ ተቆጣጣሪ ኖሮ አይደለም።"

በዚህ መሠረት ሁለት ዴቤዎች፣ ማለትም ዘይት የሚመጣባቸው ትልልቅ ቆርቆሮዎች፣ አዘጋጀ። የሐጂ ቤቱን አረንጓዴ ቀባው፤ የክርስቲያኖቹን ሳይቀባ ተወው። የእህሉና የአትክልቱ እጣቢ በጋራ በርሜል ይጠራቀማል። የእኛ ጾም ሲገባ ያልተቀባው ዴቤ ተገልብጦ ይቀመጣል፤ በረመዳን ደግሞ የሐጂ ቤት ውሃ የሚመጣው ጀምበር ጠልቃ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ነው። ጋሽ ላቀው በዐቢይ ጾም መካከል ቃሪያው ሲገረጣበት፣ "ምን ላድርግ፣ እርሱም ጾም ይዟል፤ ፋሲካን ይጠብቅ" ይል ነበር። አስቴርን ደግሞ፣ "አንቺ በሑዳዴ ሥጋ እያጠብሽ ቃሪያዬን ታስገድፊያለሽ" እያለ ይነዘንዛታል።

እኔ በዚህ ሁሉ መካከል ተመልካች ነበርኩ። አመሻሽ ላይ መደቦቹ ዳር ተቀምጬ መጽሐፍ አነባለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ላቀው ከእትዬ ፋጡማ ጓዳ ባልዲ ሙሉ አጓት ተሸክሞ ሲያልፍ አየሁት። አይብ አውጥታ ነው። ገና ለብ ያለው አጓት ምንም ሳይቀጥን ወደ ቲማቲሞቹ እየሄደ ነው። ምን እንደሚሆን በሚገባ አውቃለሁ፤ ስለ አፈር ኮምጣጣነት ለዓመታት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ "አንድ ጸሐፊ ይህን ከየት ያውቃል?" የሚለው ጥያቄ መጣብኝና ዘጋሁት።

በሳምንቱ ቲማቲሞቹ ደረቁ። ጋሽ ላቀው በስድስቱም በሮች ዞረ። "ቲማቲሙን የገደልኩት እኔ ነኝ። አጓቱን ሳላቀጥን አፈሰስኩበት። በዚህ ወር ቲማቲም የለም፤ ይቅርታ" እያለ። ሰው ለሠላሳ እግር ቲማቲም እንዲህ ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም። እኔ በር ላይ ሲደርስ ግን ይቅርታ አልጠየቀኝም። አጠገቤ ተቀመጠ።

"ባልዲውን ይዤ ሳልፍ ፊትህ ተለወጠ" አለኝ።

ዓይኔን ወደ መሬቱ አዞርኩ።

"በቀደምም አፈር አንሥተህ በሁለት ጣትህ ስታሸው አየሁህ። አፈር እንደዚያ የሚያሽ ጸሐፊ አላየሁም።" ትከሻዬን መታ አደረገኝ። "አቦ፣ አትደንግጥ። የነበርከውን አልጠይቅህም። ከዛሬ ጀምሮ ግን አዲስ ነገር ሳመጣ ፊትህን ብቻ አሳየኝ። እሱ ይበቃኛል።"

የምናገረው ቃል ሳይጠይቀኝ የማውቀውን ሁሉ የወሰደልኝ ሰው እርሱ ብቻ ነው። ባልዲ ይዞ ይመጣል፤ ከፊቴ ያቆመዋል፤ "አንድ በአምስት?" ይላል፤ ያየኛል። "አንድ በአሥር?" ይላል፤ ያየኛል። "አንድ በሃያ?" ሲል ፊቴ ሳይታወቀኝ ይፈታል መሰለኝ፣ "ተግባባን" ብሎ ያነሣዋል። ከኮሌጅ ከወጣሁ በኋላ መምህርነቴን ያገኘሁት በዚያ መደብ ዳር፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ነው። እንዲህ ያለውን ቸርነት በኋላ በምን እንደመለስኩት ነው አሁን የምጽፈው።

በሁለተኛው ዓመት ጋሽ ላቀው ወባ ይዞት ሆስፒታል ገባ፤ ዐሥር ቀን ቆየ። ሻምባውን ለግቢው ሰው ሁሉ በአደራ ሰጠ። ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጠጣ አልተወሰነም፤ ጊዜ ያገኘ ሁሉ ያፈስ ነበር። ከመሄዱ በፊት ላብ እያሰመጠው ዴቤዎቹን እያሳየ፣ "ሌላውን እንደመጣላችሁ፤ ይህን ብቻ አትርሱ" ብሎናል። ሁላችንም ሰምተናል።

የአረፋ በዓል በዚያ መካከል ዋለ። ሐጂ ዑመር በግ አረደ። በዚያው ቀን አስቴር ወደ ካናዳ ለሚሄደው ወንድሟ ስንብት ደግሳ ስለነበር እነርሱም በሌላው ጥግ በግ አረዱ። ግቢው በእንግዳ ተጨናነቀ። አመሻሹ ላይ ወደ ጓሮ ስሄድ ሁለቱም ዴቤዎች እስከ አፋቸው ሞልተዋል። ሌላ ሰው በአካባቢው አልነበረም።

ሁለቱን ለየብቻ ማቅጠንና ለየቦያቸው መሸከም ብዙ ምልልስ ነው። የጋራው በርሜል ደግሞ ባዶውን ቆሟል። በዚያች ደቂቃ የሆነው መርሳት ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር። አልረሳሁም። አፈር ውስጥ ሲገባ ሁሉም አንድ ነው፤ ናይትሮጅን ሃይማኖት የለውም ብዬ በልቤ ሳቅሁ። ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀምኩበት ዕውቀቴ በዚያች ሰዓት ኩራት ሆኖ ተነሣብኝ። ሁለቱንም በርሜሉ ውስጥ ገለበጥኩ፤ በውሃ አቀጠንኩ፤ ሁሉንም መደቦች አጠጣሁ። ዴቤዎቹን አጥቤ ወደ ቦታቸው መለስኩ።

ጎመኑ አማረ። እትዬ ፋጡማ ከሞያሌ ለመጡ የባሏ ዘመዶች እየቆረጠች አበላች።

ጋሽ ላቀው ከሆስፒታል እንደ ተመለሰ ጓሮ ገባ። በርሜሉ ላይ አጎንብሶ አሸተተ። ቆይቶ ወደ እኔ መጣና ከፊቴ ቆመ።

"በርሜሉ ሥጋ ሥጋ ይላል። የማን ነው?"

ፊቴን ለዓመት ተኩል ሲያነብ የኖረ ሰው ነው።

"የሁለቱም" አለ ቀስ ብሎ።

ያን ጊዜ አንደበቴ ተፈታ። ለሁለት ዓመት ያልተናገርኩትን በአንድ ጊዜ ተናገርኩ። ደሙ በአፈር ውስጥ እንዴት እንደሚፈርስ፣ ሥሩ የሚስበው ሥጋ ሳይሆን የማዕድን ንጥረ ነገር እንደሆነ፣ ከዝናብ የማይለይ ንጹሕ ነገር እንደሚሆን፣ ማንም እንዳላየ፣ ማንም እንደማያውቅ። ተማሪዎቼ ፊት እንደቆምኩ ሁሉ እጄን እያወራጨሁ አስረዳሁ።

እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ዓይኑ ውስጥ ደስታ አየሁ ብል አይታመንም፤ ግን ነበረ።

"እንዴት ያምራል!" አለ። "ልክ ነህ ብዬም አምናለሁ። ግን ሐጂ የጠየቀኝ ስለ አፈሩ አይደለም።"

"ታዲያ ስለ ምንድን ነው?"

"ስለ እኔ ነው።"

ወደ ሐጂ ዑመር በር ሄደ። እኔ የክፍሌን በር ገርበብ አድርጌ ሰማሁ። ነገሩን ሁሉ ሳይቀንስ ነገረው፤ የእኔን ስም ብቻ አልጠራም። እትዬ ፋጡማ፣ "ለእንግዶቼ አበላሁት እኮ! ምነው ላቀው!" ብላ ጮኸች። ሐጂ ዑመር ግን ድምፁን ከፍ አላደረገም።

"አንተ ሆስፒታል ነበርክ። ማን አፈሰሰው?"

"አደራው የእኔ ነው። ያፈሰሰው እጅ የእኔ እጅ ነው።"

"ታውቀዋለህ?"

"አውቀዋለሁ።"

"ስሙን ንገረኝ።"

"አልነግርህም።"

ሐጂ ዑመር ለሦስት ቀን ጊዜ ሰጠው። በመካከሉ ሼኽ ዘንድ ሄዶ ጠየቀ፤ ከአፈር የበቀለው ንጹሕ ነው፣ መብላት ይቻላል ተባለ። ተመልሶ መጥቶ ጋሽ ላቀውን በሰው ሁሉ ፊት፣ "ጎመኑስ ንጹሕ ነው አሉኝ። አንተስ? ወይ ስሙን ንገረኝ፤ ወይ ክፍሉን ልቀቅልኝ" አለው።

በእነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እርሱ ገባሁ። ዕቃውን እያሰረ ነበር። ሄጄ እናገራለሁ አልኩት፤ ድምፄ ግን እንደማይሄድ ያስታውቅ ነበር። "ተወው" አለኝ። "የሐጂ ሰዎች ሞያሌ ይመላለሳሉ። በነጋታው ስምህ የት እንደሚደርስ እኔም አላውቅም። እኔ ዕቃ አጣቢ ነኝ፤ የትም አጥባለሁ።" ከዚያ፣ የማልረሳው ይህን ነው፣ ወደ መደቦቹ አሳየኝና፣ "በርሜሉን ሳታጥብ እንዳትተወው፤ ያ ነገር ሲቆይ ይሸታል፣ ለእነርሱ ሌላ ቅሬታ ይሆንባቸዋል" አለኝ። ለሚያባርሩት ሰዎች አፍንጫ ይጨነቅ ነበር።

ሄደ። በራሱ ሄደ አልልም፤ እኔ አስኬድኩት።

ፍርሃቴ በመጀመሪያ እውነተኛ ነበር። ይህን ለራሴ እፈቅዳለሁ። ነገር ግን ያ መንግሥት ወደቀ፤ የምፈራቸው ሰዎች ራሳቸው ተሰደው ናይሮቢ መጡ፤ አንዱ እንዲያውም ፀጉር ቤት ውስጥ ወንበሬ አጠገብ ተቀምጦ ፀጉሩን ተስተካክሏል። ከዚያ በኋላ የቀረው ፍርሃት አልነበረም፤ ልማድ ነው። ሐጂ ዑመርን በመንገድ ሳገኘው ሰላም እለዋለሁ፤ ስለ ጨርቅ ዋጋ እናወራለን፤ እንለያያለን። እንዲህ ስንገናኝ ስንለያይ ሐጂ ዑመር ሞተ። ጋሽ ላቀው ከሞያሌ በመንገደኛ ሰላምታ ይልክልኝ ነበር። በአንድ ምግብ ቤት ጀርባ እንደገና አትክልት ማልማቱን፣ እዚያም ሁለት ዴቤ ማቆሙን ነገሩኝ። አንድም ቀን ስለዚያ ነገር ቃል አልላከብኝም። እኔም አንድም ቀን ልጠይቀው አልሄድኩም።

ከለቅሶው በኋላ አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። በአሥራ ሁለተኛው ኢስሊ ሄጄ የእትዬ ፋጡማን ደረጃ ወጣሁ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሮጌው ግቢ ፈርሶ ሕንጻ ሆኗል። ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሻይ ልታስቀዳልኝ ስትል፣ "ቆዪ እትዬ፣ መጀመሪያ ስሚኝ" አልኳት።

"ላቀው ቃሉን አላጠፈም። ያን ቀን ሁለቱን ዴቤ ደባልቄ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ረስቼ አይደለም። ዐውቄ ነው። ስሜን ያልጠራው ሊያድነኝ ብሎ ነው፤ እኔም ዝም አልኩ።"

መንገዱ ላይ የማታቱ ረዳቶች ይጮኻሉ። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

"ሐጂ እስኪሞት ድረስ ላቀው ከዳኝ ይል ነበር" አለች። "ወንድሜን ያጣሁ ያህል ነው ይል ነበር። አሁን ለሐጂ ማን ይነግረዋል?"

ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ስድብ ይሻለኝ ነበር።

"ለልጆቹ ግን ትነግራለህ" አለች። "አባታቸው ሲል የሰሙትን ነው እስከ ዛሬ የሚያወሩት። እኔ ብነግራቸው አዝኜለት ይመስላቸዋል። አንተ ራስህ በአፍህ።" የልጅ ልጇን ጠርታ ስልክ አስደወለች።

መጀመሪያ ጂዳ ላለው ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ አዳመጠና "አሁን ለምን?" አለኝ። "ሰውዬው ስለ ሞተ" አልኩት። "ሳይሞት ነበር" ብሎ ስልኩን ለእናቱ እንድሰጣት ጠየቀኝ። ቀጥሎ ሞምባሳ ያለችው አነሣች። እርሷ ደግሞ እንደ አባቷ ዝምተኛ ናት፤ በመጨረሻ፣ "ማን ልበል? ጸሐፊው እያሉ ነው የነገሩኝ" አለች። ሙሉ ስሜን ነገርኳት። የት ምን አስተምር እንደነበረም ነገርኳት። እትዬ ፋጡማ ከዘራዋን ይዛ፣ ሰው ሲያስተዋውቁት እንደሚያደርገው፣ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

ሦስተኛው አላነሣም። ሁለት ጊዜ ተሞከረ።

"ሥራ ላይ ነው" አለች። "ከላቀው ጋር አብሮ ጎመን የተከለው እርሱ ነው፤ ከሁሉም የተቆጣውም እርሱ ነው። ነገ ዓሥር ሰዓት ላይ ና። እንዳትቀር።"

"አልቀርም" አልኳት።

ሻዩ ያን ጊዜ ተቀዳልኝ።